አካባቢን የማይጎዳ የቤት ውስጥ አኗኗር፦ ለቤተሰብዎ ጤና የሚጠቅሙ የዕለት ተዕለት ልማዶች

አካባቢን መጠበቅ ሲባል ብዙ ሰው ወደ አእምሮው የሚመጣው ችግኝ መትከል ወይም መንገድ ላይ የተጣለ ቆሻሻ ማንሣት ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው። ከጤና አንጻር ሲታይ ግን ዋናው ሥራ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ምግብ በምን ያበስላሉ? ቆሻሻውን ምን ያደርጉታል? ውሃ በምን ያስቀምጣሉ? የተረፈ መድኃኒት የት ይጥላሉ?

ከማድቤት የሚወጣው ጭስ ደመና ከመድረሱ በፊት በእናቱ ጀርባ ላይ ባለው ሕፃን ሳንባ ውስጥ ያልፋል። ግቢ ውስጥ የተቃጠለ ፌስታል አመዱ ዶሮዋ በምትጭረው አፈር ላይ ያርፋል። ክፍት የተተወ በርሜል ውሃ የትንኝ መራቢያ ይሆናል። ባጭሩ ከቤት የወጣው ነገር ዞሮ ወደ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ ከታች ያሉት ልማዶች የተደረደሩት ለቤተሰብ ጤና ባላቸው አስፈላጊነት ነው፤ ሕይወት የሚያድኑት ይቀድማሉ።

1. የማብሰያ ጭስን መቀነስ

እንጨት፣ ኩበት፣ ከሰልና አገዳ ሲነዱ በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ ብናኞች ይለቃሉ። በጣም አደገኞቹ ከ2.5 ማይክሮሜትር የሚያንሱት ናቸው፤ አንድ የፀጉር ዘለላ ከእነዚህ 30 ጊዜ ያህል ይወፍራል። አፍንጫና ጉሮሮ ሊያስቀሯቸው ስለማይችሉ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይደርሳሉ፤ ከዚያም ወደ ደም ይገባሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። በሕፃናት ላይ ዋናው ጉዳት የሳንባ ምች ነው። በአዋቂዎች ላይ ደግሞ ስትሮክ፣ የልብ ሕመም፣ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመምና የሳንባ ካንሰር ያስከትላል፤ ለዓይን ሞራም ያጋልጣል። ነፍሰ ጡር እናት ለጭስ ስትጋለጥ ሕፃኑ ከመጠን በታች በሆነ ክብደት የመወለድ ዕድሉ ይጨምራል። ሲጋራ አጭሰው የማያውቁ ብዙ እናቶች በሳንባ ሕመም የሚሠቃዩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በማገዶ የሚያበስሉ ከሆነ ዛሬውኑ ሊጀምሯቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ።

• ደረቅ እንጨት ብቻ ይጠቀሙ፤ ቀጠን አድርገውም ይፍለጡት። እርጥብ እንጨት ብዙ ጭስ እያወጣ ትንሽ ሙቀት ብቻ ይሰጣል።
• ድስትዎን ይክደኑ። ባቄላ፣ ሽምብራና ቦሎቄ ማታ ዘፍዝፈው ያሳድሩ። ቶሎ ይበስላሉ፣ ማገዶም ይቆጥባሉ።
• ሕፃን አዝለው ወይም በእሳቱ አጠገብ አስተኝተው አያብስሉ። የሚጠብቀው ሰው ካለ ከማድቤት ውጭ ይቆይ፤ ከሌለ ጭሱ በማይደርስበት ነገር ግን በሚያዩት ቦታ ያስቀምጡት። ይህ ምንም ወጪ የሌለው፣ ጥቅሙ ግን ከፍተኛ የሆነ ልማድ ነው።
• የማድቤቱን በርና መስኮት ይክፈቱ። ከተቻለ ከጣሪያው ሥር አየር ማስወጫ ወይም የጭስ ማውጫ ቱቦ ያሠሩ። ማድቤቱ ከመኝታ ክፍል ቢለይ ይመረጣል።
• ከሦስት ጉልቻ ወደ ተሻሻለ ምድጃ ይሸጋገሩ። ለእንጀራ ምርጥ ምጣድ፣ ለከሰል ላቀች ምድጃ በብዙ ቦታ ይታወቃሉ። በአግባቡ የተሠራ ምርጥ ምጣድ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ሆኖም ጭሱን ሙሉ በሙሉ ስለማያጠፋ መስኮት መክፈትዎን አይተዉ።

ኤሌክትሪክ ካለዎት ለጤናም ለአካባቢም የተሻለው እሱ ነው። በኢትዮጵያ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኤሌክትሪክ የሚመነጨው ከውሃ ኃይል ስለሆነ ደን አይጨፈጭፍም፤ ቤትዎ ውስጥም ጭስ የለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ብዙ ኃይል ይስባል። ሊጡን አዘጋጅተው ከጨረሱ በኋላ ያሙቁት፤ የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ጊዜ ይጋግሩ፤ ምጣዱ ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ የመጨረሻዎቹን እንጀራዎች አጥፍተው መጋገር ይቻላል። ሶኬቱና ገመዱ የሚግል ከሆነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያዩት አይጠቀሙ።

ነጭ ጋዝ (ላምባ) እንደ ንጹሕ ነዳጅ አይቆጠርም። ጭሱ ሳንባን ይጎዳል፤ ለቃጠሎም ያጋልጣል። በተጨማሪ ውሃ መስሏቸው ሕፃናት ይጠጡታል። ስለዚህ በሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ፈጽሞ አያስቀምጡት። ሕፃን ነጭ ጋዝ ከጠጣ እንዲያስታውክ አያድርጉ፣ ወተትም አያጠጡ፤ በሚያስመልስበት ጊዜ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

2. ከሰል በተዘጋ ክፍል፦ ሽታ የሌለው መርዝ

ብዙ ሰው ከሰል ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ ጉዳቱ ያበቃ ይመስለዋል። እውነታው ከዚህ የተለየ ነው። የቀላው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ወደ ደም ሲገባ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። በዚህም የተነሣ ሰውየው እየተነፈሰ አንጎሉና ልቡ ኦክስጅን ያጣሉ።

በክረምት ቤት ለማሞቅ፣ አራስ ለመጠበቅ፣ ወይም ቡና ከተፈላ በኋላ ምድጃውን ሳያወጡ በመተኛት ቤተሰብ እንዳለ የሚያልቅበት አደጋ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ከሰሉ አጠገብ ውሃ ማስቀመጥ ወይም ፍሙ ላይ ጨው መነስነስ ጋዙን አያስቀርም። የሚያድነው የአየር መተላለፊያ ነው፤ ከዚያም በላይ ምድጃውን ከመተኛት በፊት ከቤት ማውጣት ነው።

የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ምልክቶች፦

• ራስ ምታት
• ማዞርና የጉልበት መክዳት
• ማቅለሽለሽ ወይም ማስታወክ
• የትንፋሽ ማጠር
• ግራ መጋባት፣ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ
• ራስን መሳት

አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወይም ሕመሙ ከቤት ሲወጡ የሚቀልላቸው ከሆነ በመጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ።

ምን ማድረግ አለብዎት?

• ሁሉንም ሰው ወዲያውኑ ወደ ውጭ አየር ያውጡ፤ በርና መስኮት ይክፈቱ። እርስዎም ክፍሉ ውስጥ አይቆዩ።
• ራሱን ስቶ ነገር ግን እየተነፈሰ ያለን ሰው በጎኑ ያስተኙት። በአፉ ወተትም ሆነ ሌላ ነገር አይስጡት።
• አምቡላንስ ይጥሩ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።
• ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ የልብ ሕመም ያለባቸውና ራሳቸውን የሳቱ ሰዎች ተሽሏቸው ቢነሡም እንኳ የግድ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለባቸው። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ መመረዝ ጊዜ ጤናማ ቁጥር ሊያሳይ ስለሚችል "ደህና ነው" ብለው አይዘናጉ። ለባለሙያው ከሰል ይነድድ እንደነበር ይንገሩት። ሕክምናው ኦክስጅን መስጠት ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ አደጋው ሊብስ ይችላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ አፓርታማዎች ብርድ እንዳያስገቡ ተደርገው ስለሚሠሩ አየር በቀላሉ አይተላለፍባቸውም። በመሆኑም ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ያፍሉ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም ይግጠሙ።

3. ቆሻሻን አለማቃጠል፣ መለየትና መቀነስ

ፕላስቲክ አይጠፋም፤ ሲቃጠል ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ ጎማና የኤሌክትሪክ ገመድ ሲቃጠሉ መርዛማ ጋዝና ጥቀርሻ ይለቃሉ። በተለይ የገመድና የቧንቧ ፕላስቲክ ሲነድ ዳዮክሲን የተባለ ኬሚካል ይፈጠራል። ዳዮክሲን ቶሎ አይበሰብስም፤ በእንስሳት ስብ፣ በወተትና በእንቁላል ውስጥ ይጠራቀማል፤ ለካንሰር ያጋልጣል። በፌስታል ወይም በጎማ ቁራጭ ከሰል ማቀጣጠል በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ምግብዎን በዚያ ጭስ ላይ እየጣዱት እንደሆነ ግን ያስተውሉ። በምትኩ ጭራሮ፣ ደረቅ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም ስንጥር ይጠቀሙ።

ቆሻሻዎን በሦስት ይክፈሉት።

የሚበሰብስ፦ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊትና ቅጠል። ግቢ ካለዎት ከደረቅ ቅጠል ወይም ከገለባ ጋር እያፈራረቁ በመደርደር ብስባሽ ማዘጋጀት ይችላሉ። እርጥበቱ ተጨምቆ እንደተተወ ጨርቅ ይሁን። ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት አይጨምሩበት፤ አይጥና ዝንብ ይጠራሉ። ዳይፐርም አይጨምሩ። ብስባሽ ሲያገላብጡ ሻጋታው ስለሚቦን አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ይተው። ከጨረሱ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

መልሶ ጥቅም ላይ የሚውል፦ ሃይላንድ፣ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ወረቀት። ለቁራሌው ወይም ለሰፈርዎ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ለይተው ይስጡ። የተሰበረ ብርጭቆ ከሆነ በወፍራም ወረቀት ጠቅልለው ይስጡ፤ የሰው እጅ እንደሚነካው ያስቡ።

የሚጣል፦ ዳይፐር፣ የንጽሕና መጠበቂያና የመሳሰሉት። አጥብቀው አስረው ለሰብሳቢዎች ያስረክቡ። የሕፃን ዓይነ ምድር ከአዋቂ ያላነሰ በሽታ ስለሚያስተላልፍ መጀመሪያ ወደ ሽንት ቤት ያራግፉት።

የሚጣለው ነገር የሚሄድበት ቦታ አለ፤ በዚያ ቦታም ሰዎች ይኖራሉ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከቤት የሚወጣውን መጠን መቀነስ ከሁሉ የሚበልጠው ለዚህ ነው። ገበያ ሲሄዱ ዘንቢል ወይም የጨርቅ ቦርሳ ይያዙ። በኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ፌስታልን ይከለክላል። ትኩስ ወጥ ወይም ሾርባ በፌስታል አይያዙ፤ ሙቀትና ቅባት በፕላስቲኩ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ወደ ምግቡ እንዲገቡ ያደርጋሉ። የሸክላ፣ የብርጭቆ ወይም የብረት ዕቃ ይሻላል።

4. ውሃን መቆጠብ፣ ማከምና መክደን

በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚንጠባጠብ ቧንቧ በአንድ ቀን ግማሽ ጀሪካን ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ሊያባክን ይችላል። ጎሚኒውን ማስቀየር ከወጪው ይልቅ ትርፉ ይበዛል። ልብስ የታጠበበትን ውሃ ለሽንት ቤት ወይም ወለል ለማጠብ መልሰው ይጠቀሙ። ሳይበስሉ ለሚበሉ እንደ ሰላጣና ቲማቲም ላሉ አትክልቶች ግን አያጠጡት።

የማይቆጠቡ ውሃዎች አሉ፦ ከሽንት ቤት በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀት በፊትና ሕፃን ከማጉረስ በፊት እጅ የሚታጠቡበት፣ እንዲሁም የሕፃናት ፊት የሚታጠብበት። ትራኮማ የሚተላለፈው ከታመመ ሰው ዓይንና አፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ አማካኝነት ነው፤ በዓለም ላይ ይህ በሽታ በብዛት ካለባቸው አገሮች ኢትዮጵያ ቀዳሚ ናት። ፊት ለመታጠብ አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃል።

የቧንቧው ውሃ የሚያጠራጥር ከሆነ ከመጠጣትዎ በፊት ያክሙት።

• ማፍላት፦ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ግን 3 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ከዚህ ከፍታ በላይ ናት። ከዚህ በላይ ማፍላት ማገዶ ማባከን ነው።
• ክሎሪን፦ እንደ ውሃ አጋር ያሉትን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረው 30 ደቂቃ ያቆዩ። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ ያጥሉት። ማገዶ አይፈልግም።
• ፀሐይ፦ ጥርት ያለ ውሃ በጠራ የሃይላንድ ፕላስቲክ ሞልተው በጠራራ ፀሐይ 6 ሰዓት ያስቀምጡ። ደመና ከሆነ 2 ተከታታይ ቀን ያስፈልገዋል።

የታከመውን ውሃ አፉ ጠባብ በሆነና በተከደነ ዕቃ ያስቀምጡ፤ ኩባያ እየነከሩ አይቅዱ። ቀለም፣ ነዳጅ ወይም ፀረ ተባይ የነበረበትን ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለውሃም ለዘይትም አይጠቀሙበት።

ውሃ በበርሜልና በሮቶ የሚያጠራቅሙ ከሆነ መክደን ግድ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የወባ ትንኝ ከሌሎቹ የምትለየው በከተማ፣ በውሃ ማጠራቀሚያ ዕቃ ውስጥ በመራባቷ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ የታየው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል። የዴንጊና የቺኩንጉንያ ትንኝም የምትራባው በበርሜል፣ በአሮጌ ጎማና በተጣለ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ትንኝ ከእንቁላል ወደ በራሪነት ለመድረስ ከሳምንት ብዙም ስለማይበልጥባት ማጠራቀሚያዎችን በሳምንት አንድ ጊዜ ግድግዳቸውን ፈግፍገው ያጥቡ። ውሃውን ብቻ መድፋት አይበቃም፤ እንቁላሉ ከዕቃው ጠርዝ ጋር ተጣብቆ ይቆያል።

5. የጽዳትና የፀረ ተባይ ኬሚካሎች

በረኪና ጠቃሚ ነው፤ ሲበዛ ግን ሳንባን ያቃጥላል። አሲድ ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። "ሁለቱን ብቀላቅል ይበልጥ ያጸዳል" ማለት አደገኛ ስሕተት ነው። ለዕለታዊ ጽዳት ሳሙናና ውሃ በቂ ነው። በረኪናውን የታመመ ሰው ለነበረበት ቦታና ለሽንት ቤት ይተዉት።

ለበረሮ፣ ለትኋንና ለቁንጫ ለእርሻ የተሠራ ፀረ ተባይ ቤት ውስጥ አይርጩ። ማላታይንና መሰሎቹን በሕፃናት ራስ ላይ ለቅማል መቀባት ለመመረዝ ይዳርጋል። በረሮን የሚቀንሰው ዋናው ነገር ምግብን ከድኖ ማሳደር፣ ፍርፋሪ መጥረግና የግድግዳ ስንጥቅ መድፈን ነው። ትኋን ያለበትን ልብስና አንሶላ በፈላ ውሃ ይዘፍዝፉ።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ለነቀዝ በእህል ውስጥ የሚጨመረው ፎስቶክሲን የተባለው ኪኒን ነው። ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያመነጫል፤ መከላከያ መድኃኒት የለውም። እህሉ በሚተኙበት ቤት ካለ ፈጽሞ አይጠቀሙበት። በደንብ የደረቀ እህል አየር በማያስገባ ድርብርብ ከረጢት ታሽጎ ሲቀመጥ ነቀዙ ያለ ኬሚካል ይሞታል።

6. የተረፈ መድኃኒት፣ መርፌና ባትሪ

ቤትዎ ውስጥ ሕመምተኛ ካለ ይህ ክፍል በተለይ ይመለከትዎታል።

የተረፈ መድኃኒት፦ ሽንት ቤት ወይም ማጠቢያ ውስጥ አይጣሉ። ወደ ወንዝና ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል። በተለይ አንቲባዮቲክ በአካባቢ ሲሰራጭ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል። "ሌላ ጊዜ ያገለግላል" ብለው ማስቀመጥም ሆነ ለጎረቤት መስጠት ተገቢ አይደለም። መጀመሪያ የሚከታተሉበትን ጤና ተቋም ወይም መድኃኒት ቤት ይቀበሉ እንደሆነ ይጠይቁ። ካልተቀበሉ ክኒኑን ከቡና አተላ ወይም ከአመድ ጋር ቀላቅለው፣ በሚከደን ዕቃ አሽገው ከሚጣለው ቆሻሻ ጋር ያስረክቡ። የአስም መንፊያ እሳት ውስጥ ከገባ ሊፈነዳ ይችላል።

የኢንሱሊን መርፌ፦ ከተወጉበት በኋላ ክዳኑን መልሰው አይግጠሙ። ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ፣ ለምሳሌ ባዶ የበረኪና ጠርሙስ ውስጥ ይጨምሩት። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ክዳኑን አጥብቀው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ። በፌስታል የተጣለ መርፌ የቆሻሻ ሰብሳቢዎችን እጅ ይወጋል፤ ሄፓታይተስና ኤችአይቪም ሊያስተላልፍ ይችላል።

የሜርኩሪ ቴርሞሜትር፦ ቢሰበር በመጥረጊያ አይጥረጉት፣ በባዶ እጅም አይንኩት። ልጆችን ያስወጡ፣ መስኮት ይክፈቱ፤ ጠብታዎቹን በወፍራም ወረቀት ሰብስበው በጠርሙስ ያሽጉ።

ባትሪ፦ አይቅሉት፣ እሳት ውስጥም አይጣሉት፣ ልጆችም ሰብረው እንዳይጫወቱበት ይጠብቁ። የቁልፍ ቅርጽ ያላት ትንሽ ባትሪ ከተዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ የሕፃኑን ጉሮሮ ልታቃጥል ስለምትችል ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፤ ወዲያው ሆስፒታል ይውሰዱት።

ብዙ ጊዜ የሚነሡ ጥያቄዎች

ዕጣን ማጨስ ይጎዳል? ዕጣንም ሲነድ ደቃቅ ብናኝ ያወጣል። ለጤናማ ሰው አልፎ አልፎ፣ ክፍት በሆነ ክፍል ቢጨስ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ወይም ጨቅላ ካለ ግን መቀነስ ወይም እነሱ ከሌሉበት ማጨስ ይሻላል።

ትንኝ ለማባረር ቅጠል ማጨስስ? ጭሱ ትንኟን ለጊዜው ቢያርቅም ሳንባዎን ይጎዳል። አጎበር ግን ሌሊቱን ሙሉ ያለ ጭስ ይከላከላል።

አራስና ጨቅላ እንዳይበርዳቸው ከሰል ካላነደድን ምን እናድርግ? ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ መሸፈን ከምድጃ የተሻለ ሙቀት ይሰጠዋል። ኮፍያና ካልሲ ያድርጉለት፤ ንፋስ በቀጥታ እንዳይመታው ይከላከሉ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር አልችልም። ከየት ልጀምር? ገንዘብ ከማይጠይቁት ይጀምሩ። ዛሬ ማታ ምድጃውን ከመኝታ ቤት ያውጡ። ነገ ሕፃኑን ከማድቤት ያርቁ፤ በፌስታል ማቀጣጠል ያቁሙ። በዚህ ሳምንት የውሃ ዕቃዎችዎን ፈግፍገው ይክደኑ፤ የመድኃኒት ሳጥንዎንም ይፈትሹ። የተሻሻለ ምድጃ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዛቱ ገንዘብ ሲገኝ ይደርሳል፤ በዕቁብም ሆነ ከጎረቤት ጋር በመጋራት ሊታሰብበት ይችላል።

መቼ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለብዎት?

ወዲያውኑ፦

• ከሰል በነደደበት ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ራሱን ካመመው፣ ካስታወከው፣ ግራ ከተጋባ ወይም ራሱን ከሳተ
• ሕፃን በፍጥነት የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ወይም መጥባት ያቃተው ከሆነ
• ነጭ ጋዝ፣ በረኪና፣ ፀረ ተባይ ወይም ባትሪ የዋጠ ሰው ካለ (ዕቃውን ወይም ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ)
• በመንፊያ የማይሻል የአስም ሕመም ካለ

በቀጠሮ፦

• ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ካለብዎት። "የጭስ ሳል ነው" ብለው አይተዉት፤ ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር ያስፈልጋል
• ዳገት ሲወጡ ወይም ውሃ ሲቀዱ ትንፋሽ እያጠረዎት ከመጣ
• የዓይን መቅላት፣ ማቃጠል ወይም የማየት መቀነስ ካለ

ሐኪሙ ሳይጠይቅዎትም ቢሆን በምን እንደሚያበስሉ፣ ማድቤቱ ከመኝታ ክፍል የተለየ መሆን አለመሆኑንና በቀን ስንት ሰዓት እሳት አጠገብ እንደሚቆዩ ይንገሩት። የሳልዎ ምክንያት ያለው እዚያ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት እየወሰዱ ወደዚያው ጭስ የሚመለሱ ከሆነ ሕመሙ ደጋግሞ ይነሣብዎታል።